የባሕር ዓሣን በቤት ለማኖር ለጀማሪ ስለሚበቃው ዕቃና ስለ ዋጋው

ከባሕር ርቆ የሚኖር ቤተ ሰብ የባሕርን ዓሣ በመስተዋት ገንዳ አድርጎ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ለማየት ቢመኝ የሚነቀፍ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን አስከትለው የቤት እንስሳ ከሚሸጥበት ሱቅ የገቡ እንደ ሆነ፤ ልጆቹ ብርቱካን የመሰለውን፤ ነጭ መቀነት የታጠቀውን ትንሽ ዓሣ ባዩ ጊዜ ከመስተዋቱ ፊት አንነሣም ይላሉ። ይህ ዓሣ ክላውንፊሽ ይባላል፤ በ2003 ዓ/ም በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» በተባለው የሥዕል ፊልም ምክንያት ግን ልጅ ሁሉ ኒሞ ብሎ ይጠራዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

አባት የልጁን ልመና ሰምቶ ገንዳውንም፤ መብራቱንም፤ ዓሣውንም በአንድ ቀን ገዝቶ ወደ ቤቱ የገባ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ነገሩ በኀዘን ይፈጸማል። ዓሣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ሦስትና አራት መቶ ዶላር የወጣበት ዕቃም ከምድር ቤት ይጣላል። ይህም የሚሆነው ገንዘቡ ስላነሰ አይደለም፤ ያለ ቦታው ስለ ዋለ ነው እንጂ። ገዢው ዓይን የሚማርከውን ዕቃ አስቀድሞ የዓሣው ሕይወት የቆመበትን ዕቃ ወደ ኋላ ያደርገዋል። እኛም ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንናገር የወደድነው ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ጥቂት ገንዘብ ያለው ቤተ ሰብ ገንዘቡን በምን ላይ ቢያውል ዓሣው እንደሚኖርለት፤ ምን ምንስ ሳይገዛ ቢቀር ምንም እንደማይጐድልበት ለማስታወቅ ነው።

የባሕርን ፍጥረት በቤት ማኖር ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1846 ዓ/ም አና ታይን የተባሉ እንግሊዛዊት እመቤት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ጥቂት መርጃኖችን፤ ማለት ዛሬ በሱቅ ኮራል የሚባሉትን፤ ከባሕሩ ውሃ ጋራ ወደ ሎንዶን ይዘው ተመለሱ። በዚያን ዘመን በቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ የቤት ሠራተኛቸው ውሃውን በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ዕቃ እያንቆረቆረች በየቀኑ አየር እንዲገባበት ታደርግ ነበር። በዚህ ድካም መርጃኖቹ ከባሕር ርቀው በከተማ ቤት ኖሩ። ከዚያ በኋላ በ1854 ዓ/ም ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባሉት የተፈጥሮ ሊቅ ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ ቢያሳትሙ አኳሪየም የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ ተለመደ። ከመቶ ዓመት በኋላም ሊ ቺን ኤንግ የተባሉ የጃካርታ ሰው ሕይወት ያለበትን የባሕር ድንጋይ በገንዳቸው ከትተው፤ በአየር መንፊያ ውሃውን ብቻ እያነቃነቁ ዓሣና መርጃን ማኖራቸውን በ1961 ዓ/ም በአንድ የዓሣ አርቢዎች መጽሔት አስታወቁ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ በሱቅ የሚታየው ባለ ብዙ ቁልፍ መሣሪያ አልነበራቸውም። የነበራቸው ጥሩ የባሕር ውሃ፤ የውሃው መነቃነቅና ትዕግሥት ነበር። ዛሬም ቢሆን ከነዚህ ከሦስቱ የሚቀድም የለም፤ የቀረው ዕቃ ሁሉ ወይ እነዚህን የሚያግዝ ነው፤ ወይ ጌጥ ነው።

እንግዲህ ከገንዳው እንጀምር። ብዙ ሰው ትንሽ ገንዳ ርካሽ ነው ብሎ 20 ሊትር ብቻ የምትይዘውን ይመርጣል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ከገንዳ ውስጥ ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ በቀረው ውሃ ውስጥ ይኖራል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለበት ብንል፤ 20 ሊትር ከሚይዘው ገንዳ አንድ ሊትር የተነነ እንደ ሆነ የቀረው ውሃ ጨው በሊትር ወደ 37 ግራም ይወጣል። 75 ሊትር ከሚይዘው ገንዳ ያው አንድ ሊትር ቢተን ግን ጨውነቱ 35 ግራም ተኩል እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ትንሿ ገንዳ ልምድ ላለው ሰው እንጂ ለጀማሪ አትሆንም። ለጀማሪ የምንመክረው 20 ጋሎን፤ ማለት 75 ሊትር ያህል የሚይዘውን፤ ርዝመቱ 76፤ ወርዱና ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነውን ረዥም ገንዳ ነው። አዲሱ በአሜሪካ ሱቆች ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዶላር ይገኛል።

ከሰው እጅ ያገለገለ ገንዳ መግዛት ደግሞ ዋጋውን በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል፤ አያሳፍርምም። ነገር ግን ገዢው ሁለት ነገር መርምሮ ይግዛ። አንደኛ፤ መስተዋቱ የተጣበቀበት ማዕዘን የተላቀቀ ወይም የተፋቀ አለመሆኑን ይይ፤ ወደ ቤቱም ሳያስገባው ከደጅ በደልዳላ ቦታ አኑሮ ውሃ ሞልቶ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየው። ሁለተኛ፤ የቀድሞው ባለቤት የታመመ ዓሣ ለማከም በገንዳው ውስጥ የመዳብ መድኃኒት አድርጎ እንደ ሆነ ይጠይቅ። መዳብ ለዓሣ መድኃኒት ይሁን እንጂ ለቀንድ አውጣ፤ ለሽሪምፕና ለመርጃን መርዝ ነው። ገንዳውን ለማጠብ ኮምጣጤና ውሃ ይበቃል፤ ሳሙና ግን ፈጽሞ አይንካው።

ስለ ክብደቱም እናስታውስ። 75 ሊትር ውሃ ከመስተዋቱ፤ ከድንጋዩና ከአሸዋው ጋራ መቶ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን የሚያህል ሸክም ለመጻሕፍት በተሠራ መደርደሪያ ወይም እግሩ በቀጠነ ጠረጴዛ ላይ የሚያኖር ሰው ወለሉንም፤ ከሥሩ የሚጫወተውንም ሕፃን አላሰበም። መቆሚያው ጠንካራና ልከኛ ይሁን፤ ገንዳውም ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮትና ከማሞቂያ ምድጃ ይራቅ። ከዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ወደ ውሃው እንምጣ።

ጨው ሲባል አገራችን የአፋርን አሞሌ የምታውቅ ናትና፤ ጨውን በውሃ አሟሙቶ ባሕር ለማድረግ ምን ይቸግራል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የወጥ ቤት ጨውና የባሕር ውሃ አንድ አይደሉም። በባሕር ውሃ ከሟሟው ነገር ከመቶ 85 እጅ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ፤ ማለት የምንበላው ጨው ዓይነት ነው። የቀረው ማግኒዥየም፤ ካልሲየም፤ ፖታሲየም፤ ሰልፌትና ሌላም ሌላም ነው፤ የባሕር ፍጥረት አጥንቱንና ቅርፊቱን የሚሠራው፤ ትንፋሹንም የሚያስተካክለው በዚህ በቀረው ጭምር ነው። ስለዚህ ለገንዳ ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው መግዛት ግድ ነው። 50 ጋሎን ውሃ የሚሠራው ከረጢት በአሜሪካ ከ20 እስከ 30 ዶላር ያወጣል፤ ከመጀመሪያው ሙሌት የተረፈው በየሳምንቱ ለሚለወጠው ውሃ ሦስት ወር ያህል ይበቃል። በማስታወቂያ የሚመሰገነውንና ዋጋው እጥፍ የሆነውን ጨው ዓሣ ብቻ የሚያኖር ሰው አያስፈልገውም።

ጨው የሚሟሟበትም ውሃ ነገር አለው። የቧንቧ ውሃ ለሰው እንዲስማማ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን ይጨመርበታል፤ ከቧንቧውም መዳብ ሊኖርበት ይችላል። የባሕር ዓሣ ከሚሸጡት ሱቆች ብዙዎቹ የተጣራ ውሃ በጋሎን ይሸጣሉ፤ እንዲሁም ከገበያ የሚገኘው የተነጠረ ውሃ ይሆናል። ማጣሪያውን ለቤት መግዛት የሚገባው ቤተ ሰቡ በነገሩ የገፋበት እንደ ሆነ ነው። ለዚሁ ሥራ ሁለት አዲስ ባልዲ ይገዛ፤ በላዩም «የዓሣ» ተብሎ ይጻፍበት፤ ወለል የሚወለውልበት ሰው እንዳያነሣው። ጨዉ ውሃው በገባበት ባልዲ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በጨው ላይ አይፈስም፤ ትንሽ ፓምፕም ገብቶበት እስከ ማግሥቱ ይነቃነቅ።

ጨውነቱን ለመለካት በሱቅ ሁለት መሣሪያ ይታያል። አንዱ ሃይድሮሜትር የሚባለው ከዐሥር ዶላር ብዙም የማይበልጠው፤ ምላሱ በውሃ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ላስቲክ ነው። በምላሱ ላይ የአየር አረፋ የተጣበቀ እንደ ሆነ ሐሰት ይናገራል። ሁለተኛው ሬፍራክቶሜትር ነው፤ ጠብታ ውሃ ተደርጎበት ወደ ብርሃን ዞረው እንደ መነጽር የሚያዩበት ነው፤ ዋጋውም 25 ዶላር ያህል ነው። እኛ ይህን ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ አብሮትም ልኩ 35 የሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ይገዛ። ባሕር የሚሠራ ሰው ልኩን ሳያውቅ ከሠራ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወጥ ጨው እንደሚያደርግ ሰው ነውና፤ በዚህ ላይ የተቆጠበው ዐሥራ አምስት ዶላር በዓሣው ነፍስ ይከፈላል።

ከዚህ ቀጥሎ የአሞኒያ፤ የናይትራይትና የናይትሬት መመርመሪያ የያዘ ሣጥን፤ 40 ዶላር ያህል የሚያወጣው፤ አስፈላጊ ነው። ምክንያቱን ወደ ፊት እንናገራለን።

ማሞቂያው ውሃውን በ25 ወይም በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲጠብቅ ያስፈልጋል፤ ለ75 ሊትር ውሃ የ100 ዋት ማሞቂያ ይበቃዋል፤ 25 ዶላር ያህልም ያወጣል። የማሞቂያ ክፋቱ ሲበላሽ ነው። አንዳንዱ ጠፍቶ ይቀራል፤ ይህ ይሻላል፤ አንዳንዱ ግን እንደ በራ ተቈላልፎ ይቀርና ዓሣውን በቁሙ ይቀቅለዋል። ስለዚህ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚቈርጥ ለብቻው የሆነ መቈጣጠሪያ በ35 ዶላር ያህል መጨመሩ ከመብራትና ከጌጥ ሁሉ የሚቀድም ወጪ ነው። ሻጮች ይህን ዕቃ አንሥተው ሲያሳዩ እምብዛም አናይም፤ መልክ የለውምና።

የዚያች የሎንዶን ሠራተኛ ክንድ የሠራውን ዛሬ የሚሠራው ትንሽ ፓምፕ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የገንዳውን ውሃ ከዐሥር እስከ ሃያ ጊዜ ያህል የሚያንቀሳቅስ፤ ማለት ለ75 ሊትር ከ750 እስከ 1500 ሊትር የሚገፋ፤ በ25 ዶላር ይገኛል። አፉም ወደ ውሃው ገጽ ቀና ብሎ ይዙር፤ አየር የሚገባው በገጹ መናወጥ ነው። ከገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠል ተራ ማጣሪያም በ30 ዶላር ቢጨመር መልካም ነው፤ ፍርፋሪውን ይለቅምለታል።

ሳይገዙ ቢቀሩ የማይጐዱ ዕቃዎችም አሉ። ስኪመር የሚባለው አረፋ እያስነሣ ቈሻሻ የሚያወጣው መሣሪያ በትልቅ ገንዳ እጅግ የሚጠቅም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ትንንሽ ዓሣ ያሉበትን 75 ሊትር በየሳምንቱ ከዐሥር አንድ እጅ ውሃውን የሚለውጥ ቤተ ሰብ አያስፈልገውም። ብዙ መቶ ዶላር የሚያወጣው ሰማያዊ መብራትም የተሠራው ለመርጃን ነው፤ መርጃን በሥጋው ውስጥ በሚኖሩት ጥቃቅን አረንጓዴዎች አማካይነት ከብርሃን ምግብ ያገኛልና። ዓሣ ግን ለማየት እንጂ ለመብላት ብርሃን አይሻም፤ የ30 ዶላር መብራት ይበቃዋል። ውሃ የሚያጠራ፤ በሽታ የሚያጠፋ፤ አረንጓዴ የሚያስወግድ እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን መድኃኒት ሁሉ ገንዳው ሳይታመም አስቀድሞ መግዛት ገንዘብን መበተን ነው።

ድንጋዩ ግን ጌጥ አይምሰላችሁ። የገንዳው እውነተኛ ማጣሪያ እርሱ ነው። ዓሣው የሚጥለውና የተረፈው መብል በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያም የዓሣውን ስንጥብ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ቀዳዳ በበዛበት በባሕር ድንጋይ ላይ የሚቀመጡ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይህም ገና መርዝ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ከሁለቱ ይልቅ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ውሃው በተለወጠ ቍጥርም ይቀንሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን በአንድ ቀን አይበዙም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ እንደማትጥድ ሁሉ፤ ገንዳውም ሳይቦካ ዓሣ አይገባበትም። ዓሣው በሁለተኛው ሳምንት የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሱቁም ዓሣውም ጥፋት ሳይኖርባቸው።

ዋጋው ያነሰው ደረቅ ድንጋይ ነው፤ ለ75 ሊትር ከ7 እስከ 9 ኪሎ ይበቃል፤ 60 ዶላር ያህልም ያወጣል። ደረቁ ድንጋይ ያልታወቀ ተባይ ይዞ አይመጣም። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የተዘጋጀው የባሕር ውሃ ከተሞላ በኋላ ማሞቂያውና ፓምፑ ይከፈት፤ ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆንም ለዚሁ የተዘጋጀ የአሞኒየም ክሎራይድ ጠብታ ወይም አንዲት ጥሬ ሽሪምፕ ይግባበት። ያ የመመርመሪያ ሣጥን የሚያገለግለው እንግዲህ ነው፤ አሞኒያው ወጥቶ ሲወርድ፤ ናይትራይቱም ተከትሎ ወጥቶ ሲወርድ ይታያል። ጠብታው በተጨመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ዜሮ የሆኑ እንደ ሆነ ገንዳው ቦክቷል። ልጆቹ በየሁለት ቀኑ ውሃውን እየመረመሩ በደብተር እንዲጽፉ ብናደርጋቸው፤ የጥበቃው ወራት ትምህርት ይሆንላቸዋል፤ ዓሣው መቼ ይመጣል የሚለውንም ጥያቄ ራሳቸው ይመልሱታል።

ከዚህ ላይ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚሆን ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከሌላ ሰው ገንዳ የወጣ፤ መርጃንና እርሱን የሚመስሉ ለስላሳ ፍጥረታት የበቀሉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብሎ ማንም ሰው በድስት አይቀቅል፤ የፈላ ውሃም አያፍስበት። ዞአንቲድ ከሚባሉት ከነዚህ ፍጥረታት አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለባቸው፤ እንፋሎቱን የተነፈሰ ሰው ይታመማል። በ2018 ዓ/ም በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድሻየር አንድ ሰው በቤቱ ገንዳውን ሲያጸዳ ይህ መርዝ ወጥቶ፤ ቤተ ሰቡም ለርዳታ የመጡት የእሳት አደጋ ሰዎችም ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ደረቁን ድንጋይ ይግዛ፤ ዞአንቲድንም ለጊዜው ይተው።

ስለ ዓሣው ምርጫ ብዙ አንናገርም፤ ገንዳው በትክክል ከተሰናዳ ምርጫው ቀላል ነውና። ሁለት ክላውንፊሾች ለ75 ሊትር ይበቃሉ። ከባሕር የተያዙትን ትቶ በሰው እጅ የተፈለፈሉትን መግዛት ይሻላል፤ መብሉን ለምደዋል፤ በሽታም ያንሳቸዋል፤ ከባሕሩም አልተቀነሰም። አንዱ ከ20 እስከ 40 ዶላር ያወጣል። በደንብ የተያዘ እንደ ሆነ ከሃያ ዓመት በላይ የሚኖር አለ፤ ዛሬ የሰባት ዓመት ልጅ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመለስ ዓሣውን በቦታው ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የሚገዛው መጫወቻ አይደለም። በፊልሙ ላይ ዶሪ የተባለችውን ሰማያዊ ዓሣ ልጆች ቢለምኑም እሺ አይባልም፤ እርስዋ እስከ 30 ሳንቲሜትር የምታድግ፤ ሰፊ መዋኛም የምትሻ ናትና ይህ ገንዳ እስር ቤት ይሆንባታል። ክላውንፊሹ በባሕር ውስጥ የሚጠለልበት አኔሞን የሚባለው ፍጥረትም ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው፤ ዓሣው ያለ እርሱ ይኖራል።

የዚሁ ዓሣ ዘመድ የሆነ፤ ሁለት መቀነት ያለው ዓይነት በቀይ ባሕር ይገኛል፤ እስከ 1993 ዓ/ም አገራችን ጠረፍ በነበራት በዚያው ባሕር። በኤላት ወይም በጅዳ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ዓሣ በመነጽር ብቻ ዘልቀው ሊያዩት ይችላሉ። ነገር ግን ከባሕሩ ዳር መርጃን ወይም ድንጋይ ነቅሎ ወደ ቤት መውሰድ በኤላት በሕግ የተከለከለ ነው፤ በሌላም አገር ሕጉን ሳይጠይቁ እጅን መስደድ አይገባም።

ወጪውን ብንደምረው ገንዳው 50፤ ማሞቂያው 25፤ መቈጣጠሪያው 35፤ ፓምፑ 25፤ ማጣሪያው 30፤ ሬፍራክቶሜትሩ 25፤ መመርመሪያው 40፤ ጨዉ 30፤ ድንጋዩ 60፤ አሸዋው 25፤ መብራቱ 30፤ ባልዲና ቱቦ 15፤ በጠቅላላው ከመቆሚያው፤ ከውሃውና ከዓሣው በቀር 390 ዶላር ያህል ይሆናል። ዋጋው እንደ ከተማውና እንደ ወራቱ ይለያያል። ገንዳውን፤ መብራቱንና ማጣሪያውን ከሰው እጅ የገዛ ሰው ከዚህ ላይ ብዙ ሊቀንስ ይችላል፤ ማሞቂያውን ግን ሁልጊዜ አዲስ ይግዛ። ይህ ገንዘብ ለብዙ ቤተ ሰብ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀን አያስፈልግም፤ ገንዳውና መቆሚያው በአንድ ወር፤ የውሃው ዕቃ በሁለተኛው፤ ድንጋዩ በሦስተኛው ሊገዛ ይችላል። እንዲህ አድርጎም የቤቱ በጀት ካልቻለው፤ የወንዝ ዓሣ በግማሽ ወጪ ይያዛል፤ ውበቱም አይናቅም።

የቀረው የቤቱ ሥርዓት ነው። ጨዋማ ውሃና ኤሌክትሪክ ጠላቶች ናቸውና፤ የማሞቂያውና የፓምፑ ሽቦ ወደ ግድግዳው ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንደ ቀለበት ይታጠፍ፤ በሽቦው ላይ የሚወርደው ጠብታ ከዚያ ላይ ወደ መሬት ይንጠባጠባል፤ ወደ ሶኬቱ አይደርስም። ሶኬቱም ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ሲያመልጥ ራሱን የሚቈርጥ ዓይነት ይሁን። እጅ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት መሰኪያው ይነቀል፤ ይህን የሚያደርገው ትልቅ ሰው ነው፤ ልጅ አይደለም። ከልጆቹ አንዱ ጧት የተነነውን ያህል ንጹሕ ውሃ፤ ያለ ጨው፤ ይጨምር፤ ሌላው መብል ይስጥ። መብሉም ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ያህል ብቻ ነው። ቤተ ሰቡ ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደ ሌላ ከተማ የሄደ እንደ ሆነ የየቀኑን መብል በየትንንሹ ወረቀት ጠቅልሎ ለጎረቤት መስጠት ይበቃል፤ ጣሳውን ግን መደበቅ ነው፤ ደግ ጎረቤት ዓሣው የራበው እየመሰለው ይጨምርበታልና።